እንቁላሉ በእግሩ ይሄዳል፤ ዶሮዋስ?

ባለፈው የገና ሰሞን ለቅሶ ልደርስ ኩየራ ሄጄ ወደ አዳማ ስመለስ የገጠመኝን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። አውቶቡሳችን አርሲ ነገሌ ላይ ሲቆም አንድ ነጋዴ ሃያ ዶሮዎችን አምስት አምስቱን በእግራቸው አሳስሮ ከጣሪያው ላይ አስጫነ። ባቱን እንዳለፍን ጎማ ተነፈሰና ፀሐይ ላይ ረጅም ጊዜ ቆምን። ተሳፋሪው ሲያጉረመርም አንድ ሽማግሌ፥ «አይዟችሁ ልጆቼ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ቢሉ ሁላችንም ሳቅን። አዳማ መናኸሪያ ደርሰን ጭነቱ ሲወርድ ከሃያዎቹ ዶሮዎች አራቱ ሞተው ተገኙ። ነጋዴው ተራግሞ የሞቱትን ከመንገዱ ዳር ወረወረ፤ የተረፉትንም በእግራቸው አንጠልጥሎ፣ ራሳቸው ወደ መሬት እንደ ተዘቀዘቀ፣ ወደ ገበያ ይዟቸው ሄደ። እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ ሻንጣዬን አንሥቼ መንገዴን ቀጠልሁ። በዚያው ሳምንት ከጓደኞቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን ዶሮ ገዝተን በላን፤ አልዋሽም፣ ጣፍጦኝ ነበር።

የሽማግሌው ተረት ግን ከጆሮዬ አልወጣም። እንቁላሉ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ብለን ለልጆቻችን ትዕግሥት እናስተምራለን፤ ከእንቁላሉ የወጣችው ዶሮ ግን በሀገራችን መንገድ በእግሯ አትሄድም፤ በእግሯ ትንጠለጠላለች እንጂ።

ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሣሣኝ ነገር ሁላችንንም የሚመለከት ነው። በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ የማኅበራችን ሻይ ቤት ለሚቀጥለው ዓመት እንቁላሉን ከማን እንደሚገዛ ይወሰናል፤ ለበዓል የሚታረደውም ነገር እንደዚሁ። እስካሁን ጥያቄው «ማን አርክሶ ያቀርባል?» የሚል ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ሁለተኛ ጥያቄ ይጨመርበት እላለሁ፤ ይኸውም «እንስሳው እንዴት ኖሮ፣ እንዴት ተጉዞ መጣ?» የሚለው ነው። መልሱም በአካባቢያችን ካሉ፣ በስም ከምናውቃቸው፣ ግቢያቸውን ገብተን ልናይ ከምንችል ቤተ ሰቦች መግዛት ነው ብዬ አምናለሁ።

አንዳንዱ አንባቢ «ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» ሊል እንደሚችል አውቃለሁ። እስቲ ፈረንጅን ለጊዜው እንተወውና ከአክስቴ እንጀምር።

አክስቴ ኩየራ ይኖራሉ። ከጓሯቸው ድንችና በቆሎ አለ፤ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ዶሮ ያረባሉ። ዶሮዎቹ ቀን ሲጭሩ ይውላሉ፤ ማታ ከማድ ቤቱ ቆጥ ላይ ይሰፍራሉ። እኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርቴን ስማር ደብተሬና እስክርቢቶዬ የሚገዙት በእንቁላል ነበር። ከብቱ የአጎቴ ነው፣ እህሉ የቤቱ ነው፣ የእንቁላሉ ገንዘብ ግን የአክስቴ የራሳቸው ነው፤ ማንም አይጠይቃቸውም። በገጠር ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ባል ሳይፈቅድ ጨው፣ ሳሙናና የልጅ ደብተር የሚገዛው በአብዛኛው በዚህ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ዶሮን ባነሣን ቁጥር ሴቶችንም ማንሣታችን ነው።

ዳሩ ግን የአክስቴን ጓሮ ገነት አድርጌ ብሥል ሐሰት ይሆናል። የሐበሻ ዶሮ ነጻ ናት እንላለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን ጫጩቷን ጭልፊት ይወስድባታል፤ ሌሊት ሸለመጥማጥ ይገባባታል፤ በክረምት ጥሬ ሲጠፋ ትራባለች፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ፈንግል ነው። ባለፈው ዓመት ፈንግል ገብቶ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአክስቴ ዶሮዎች ሦስቱ ብቻ ቀሩ። «ምን ላድርግ ልጄ፣ የመጣ መዓት ነው» አሉኝ። መዓት ግን አይደለም። የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ ላይ እዚሁ ሀገራችን ውስጥ ይመረታል፤ ሙቀትን የሚቋቋም ዓይነትም አለ፤ በዓይን ጠብታ ይሰጣል። የጎደለው መድኃኒቱ አይደለም፤ ጠርሙሱን ይዞ አክስቴ ደጃፍ የሚደርስ ሰውና አሥር ዶሮ ላላት ሴት መከተብ ያዋጣል የሚያሰኝ ዋጋ ነው። ነጋዴው በርካሽ በሰበሰበው ቁጥር ለክትባት የሚተርፍ ሳንቲም አይኖርም። እንግዲህ «በርኅራኄ ያደገ» ማለት «በጓሮ ያደገ» ማለት ብቻ አይደለም። ነጻነቱ ላይ ጤናና መጠለያ ሲጨመርበት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን እንሻገር። ከተሞቻችን ውስጥ ብዙው እንቁላል የሚመጣው ከትልልቅ እርባታዎች ነው። ከነዚህም አንዳንዶቹ ዶሮዎቹን የሚያኖሩት ገለባ በተነጠፈበት ወለል ላይ ነው፤ ሌሎቹ ደግሞ አርቢዎች «ኬጅ» በሚሉት የሽቦ ቤት ውስጥ ነው። ኬጅ ማለት ምን እንደሆነ በቃል ከማስረዳ አንድ ነገር ላሳያችሁ። ይህን በእጃችሁ የያዛችሁትን የመጽሔታችንን አንድ ገጽ ተመልከቱ፤ ስፋቱ 620 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የአውሮፓ ሕግ ባዶውን የሽቦ ኬጅ ከመከልከሉ በፊት ለአንዲት ዶሮ እንዲሰጣት ያዝዝ የነበረው ዝቅተኛ ስፋት 550 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነበር። አንዲት ዶሮ እንግዲህ ይህችን ወረቀት ሙሉ ሳታገኝ፣ ክንፏን ሳትዘረጋ፣ መሬት ሳትጭር፣ ቆጥ ሳትወጣ፣ እንቁላል ጥላ ጥላ ዕድሜዋን ትፈጽማለች ማለት ነው።

ይህን ነገር አውሮፓውያን ራሳቸው ሠርተውበታል፤ ራሳቸውም ናቸው የተጸጸቱበት። ሩት ሐሪሰን የምትባል እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1964 ስለነዚህ እርባታዎች ያሳተመችው መጽሐፍ ሀገሩን ስላነጋገረው መንግሥቱ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። በፕሮፌሰር ብራምቤል የተመራው ይህ ኮሚቴ በ1965 ባቀረበው ሪፖርት፣ አንድ እንስሳ ቢያንስ ለመቆም፣ ለመተኛት፣ ለመዞር፣ ሰውነቱን ለማጽዳትና እግሩን ለመዘርጋት ነጻነት ይኑረው አለ። ልብ በሉ፤ የተጠየቀው ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነበር! ስዊዘርላንድ ኬጁን ከ1992 ጀምሮ አስቀረችው፤ የአውሮፓ ኅብረት በ1999 ባወጣው ሕግ ባዶውን ኬጅ ከ2012 መባቻ ጀምሮ ከለከለ። ሌላው ሄዶበት፣ ገደል መሆኑን አይቶ፣ አቧራውን እያራገፈ የሚመለስበትን መንገድ እኛ «ሥልጣኔ» ብለን በአዲስ ጉልበት ልንጀምረው ይገባናልን?

ከተቃዋሚዎቼ ሁሉ ጠንካራው ግን ይህን አይልም። የሚለው እንዲህ ነው፦ «እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ሀገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 ከመቶው የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። ሕፃን እንቁላል ባጣበት ሀገር ለዶሮ ማልቀስ ነውር አይደለምን?» ይህ ክርክር ያሳስበኛል፤ በቀላሉም አላልፈውም። ስለዚህም ትልልቆቹ እርባታዎች ይዘጉ አላልሁም፤ አልልምም። ለድኻ እናት ርካሽ እንቁላል ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን በእንስሳ ላይ የምናደርሰው ሥቃይ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ትርፍ አለው፤ ሌላው ልማድ ብቻ ነው። ኬጁ እንቁላሉን ያረክሳልና ሊከራከሩበት ይቻላል። ያን ዕለት ባቱ አጠገብ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ በሞቱት አራት ዶሮዎች ግን የትኛው ሕፃን ጠገበ? ነጋዴው ከሰረ፣ ዶሮዎቹ ተሠቃዩ፣ በላተኛውም የቀሩትን በውድ ገዛ። ከቦረና በሬ ጭኖ አዳማ ዙሪያ ወዳሉት ማድለቢያዎች የሚመጣውን መኪና አይታችሁ ታውቃላችሁ። በመንገድ የወደቀውን በሬ ለማስነሣት ጅራቱን የሚጠመዝዙት፣ በዱላ ጎኑን የሚወጉት ሥጋውን ለማብዛት ነውን? እንዲያውም የተደበደበ በሬ ሥጋው ይበልዛል፤ ፈርቶና ደክሞ የታረደም ሥጋው ጠቁሮ ይደርቃል። እንግዲህ ርኅራኄ ምንም ከማያስከፍልበት፣ ጭካኔውም ማንንም ከማያጠግብበት ቦታ ብንጀምር ከየትኛው ሕፃን አፍ ነጠቅን?

ደግሞስ ስለ ሕፃኑ ካነሣን፣ ለአክስቴ የሚከፈለው ገንዘብ ወዴት ይሄዳል? ወደ ሕፃን አይደለምን?

ሌላው ተቃውሞ፥ «የሐበሻ ዶሮ የትም አታደርሰንም» የሚል ነው። ይህ የሒሳብ ጥያቄ ስለሆነ በሒሳብ እንመልሰው። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ በአማካይ በሳምንት አንድ ማለት ነው። ሻይ ቤታችን በቀን 100 እንቁላል ቢፈልግ 700 ዶሮ ያስፈልገናል። አሥር አሥር ዶሮ ካላቸው 70 ቤተ ሰቦች እንግዛ ማለት ነው፤ ይህ እንደማይሆን አምናለሁ። ነገር ግን ዛሬ በየገጠሩ የሚሰራጩት የተሻሻሉ ዝርያዎች፣ ለምሳሌ ሳሶ የምትባለው፣ በጓሮ እየጫሩም ፉርሽካና ጥቂት መኖ ቢጨመርላቸው በሁለት ቀን አንድ ያህል ይጥላሉ። እንግዲያውስ ለ100 እንቁላል 200 ዶሮ፣ ለ200 ዶሮም 20 ቤተ ሰብ ይበቃል። ሃያ ቤተ ሰብ አዳማ ዙሪያ ይታጣል?

የራሳችንም ዝርያ ቢሆን ተስፋ የለውም ማለት አይደለም። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከወለጋ የመጣችውን የሆሮን ዶሮ ትውልድ በትውልድ እየመረጠ ሲያሻሽል ቆይቷል። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው የእንስሳት ናሙና ጥናት በሀገራችን ካሉት 57 ሚሊዮን ያህል ዶሮዎች ከአራቱ እጅ ሦስቱ እጅ በላይ የሀገር ዝርያ ናቸው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የተጀመረው የሌማት ትሩፋትም ጫጩት ለየቤተ ሰቡ እንዲዳረስ አድርጓል። ጫጩት መስጠት ግን የነገሩ ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ፣ እንቁላሉን በደኅና ዋጋ የሚገዛ፣ በየሳምንቱ የማይቀር ደንበኛ ነው። ይህ ደንበኛ እኛ ብንሆንስ?

ይህን የመሰለ ግብይት ከባሕር ማዶ መቅዳት አያስፈልገንም፤ አባቶቻችን ሠርተው አስቀምጠውልናል፤ ስሙም ቅርጫ ነው። በቅርጫ ጊዜ ጎረቤት ገንዘቡን አዋጥቶ በሬውን ከባለቤቱ ይገዛል። ሽማግሌዎች ሄደው ያዩታል፤ ጥርሱን ይቆጥራሉ፣ ጎኑን ይዳብሳሉ፣ «ያርስ ነበር? ምን በልቶ ደለበ? ታሞ ያውቃል?» ይላሉ። ሲታረድም ቆመው ያያሉ። ማንም ሰው የበላው ሥጋ ከየት መጣ ቢባል «የእገሌ በሬ ነው» ብሎ ይመልሳል። እኛ የተማርነው ልጆች ይህን አጥተናል። ከፍርፍራችን በላይ የተደረገው እንቁላል ከየት መጣ ብትሉን «ከሻይ ቤቱ» ከማለት በቀር መልስ የለንም። ትምህርታችን ከሳህናችን እስከ ጓሮ ያለውን መንገድ ካስረሳን ምኑን ተማርነው?

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ በሙሉ ዓቅም አንጀምር። ለመጀመሪያው መንፈቅ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ሻይ ቤቱ የሚያቀርበው እንቁላል ከተመረጡ ቤተ ሰቦች ይገዛ። ይህ በሳምንት 200 እንቁላል ነው፤ አሥር አሥር የተሻሻለ ዶሮ ያላቸው ስድስት ቤተ ሰቦች ይሸፍኑታል። አክስቴን ለመጥቀም የጻፍሁ እንዳይመስላችሁ ደግሞ፣ ኩየራ ሩቅ ስለሆነ እንቁላሉ ሲንገጫገጭ አይምጣ፤ ከወንጂ ወይም ከመልካሳ መንገድ ይፈለግ። የአክስቴን እንቁላል የሻሸመኔና የኩየራ ሰው ይግዛቸው።

ሁለተኛ፤ ከምንገዛቸው ቤተ ሰቦች ጋር የምንስማማው በአራት ነገር ይሁን፤ ዶሮዎቹ ቀን የሚጭሩበት ቦታ፣ ሌሊት አውሬ የማይገባበት ቤትና ቆጥ ይኑራቸው፤ ለፈንግል ይከተቡ፤ በክረምት መኖ ይጨመርላቸው፤ ለበዓል የሚመጣ ዶሮ ታስሮ ሳይንጠለጠል በቅርጫት ተቀምጦ ይምጣ። ከመካከላችን የእንስሳት ሕክምናና የግብርና ትምህርት የሚከታተሉ ወዳጆች ያሏቸው ብዙ ናቸውና ክትባቱን ለማስተባበር ሰው አይጠፋም።

ሦስተኛ፤ ለዚህ ሲባል በእንቁላሉ ላይ የሚጨመረው ጥቂት ሳንቲም በግልጥ ተጽፎ ይለጠፍ። ኪሱ የማይፈቅድለት ተማሪ በሌሎቹ ቀናት እንደ ወትሮው ይብላ፤ ማንም በድኽነቱ አይፈር። ከየወሩ መጨረሻ በፊት ገንዘቡ የሚያልቅበት ተማሪ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ፤ እኔም አንዱ ነኝና።

አራተኛ፤ ለበዓል በሬ ወይም በግ ሲገዛ በቅርጫው ሥርዓት ከባለቤቱ በቀጥታ ይገዛ። ክርስቲያኑም እስላሙም ለየራሱ ያርዳል፤ ይህ ልማዳችን ነው። በእንስሳ ላይ ስለመራራት ግን ልዩነት የለንም። ኦሪት በሰንበት በሬውና አህያውም እንዲያርፉ ታዝዛለች፤ የእስልምናም ሥርዓት አራጁ ቢላዋውን እንዲያሰላና እንስሳውን እንዳያሠቃይ ያስተምራል። እንቁላሉማ የማንንም ሃይማኖት አይለይም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። ኩየራ ላደገ ሰው ሥጋ ይበላ አይበላ የሚለው ክርክር እንግዳ አይደለም፤ የአድቬንቲስቶች ኮሌጅ ያለባት ከተማ ናትና ሥጋ ጨርሶ የማይቀምሱ ጎረቤቶች ነበሩን። ከነሱም አንደኛው መምህር፣ ልጅ ሳለሁ ዶሮ አንጠልጥዬ ሲያዩኝ ጠሩኝ። ሊቆጡኝ መስሎኝ ነበር። ዶሮዋን ከእጄ ተቀብለው አቃኑና በክንዴ አሳቀፉኝ፤ «ትበላታለህ፤ እሱ የናንተ ጉዳይ ነው። እስክትበላት ድረስ ግን ሰማዩን ወደ ላይ ትየው» አሉኝ። ዶሮዋ ወዲያው ዝም አለች። ልቧ በክንዴ ላይ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ቤት እስክደርስ እንዳቀፍኋት ሄድሁ፤ እናቴም ያን ዕለት ወጥ ሠሩባት።

ያንን ትምህርት ረስቼው ነበር፤ መናኸሪያው አስታወሰኝ። ሥጋ እንደማልበላ ቃል አልገባም፤ ዶሮ ወጥ እወዳለሁ። ነገር ግን የምበላውን ነገር ዐይኑን አይቼ፣ ያሳደገችውን ሴት ስም ጠርቼ፣ ዋጋዋንም ሳላጎድል ከፍዬ መብላት እፈልጋለሁ። የሚቃወመኝ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ ከዚያም በጉባኤው እንገናኝና ድምፅ እንስጥ። ነገሩ ባንድ ቀን አይሆንም፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በስድስት ቤተ ሰብ ይጀመራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለዋል ሽማግሌው፤ ዶሮዋንም ቀና አድርገን እናስኪዳት።

ከኩየራው ልጅ